የጥርስ ራጅ ባለሙያና ደረቱ ላይ ያለው ባጅ

የጥርስ ራጅ ሲነሳ ጨረራው የሚደርሰው ታካሚው ጋ ብቻ አይደለም። ከታካሚው ፊት ተበትኖ ወደ ክፍሉ የሚሄድ አለ፤ ታካሚው ተነስቶ ሲወጣ ባለሙያው ቀጣዩን ይጠራል፤ ይህም ዓመት ከዓመት ይቀጥላል። ጨረራ አይታይም፣ አይሸትም፤ በሥራ ላይ ምን ያህል እንደደረሰ የሚታወቀው በመለኪያ ብቻ ነው። መለኪያው ዶዚሜትር ይባላል፣ በተለመደው አጠራር ባጅ።

መለኪያ ባልነበረበት ዘመን ዋጋውን የከፈለው የሐኪሙ አካል ነበር። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን በ1895 (እ.ኤ.አ.) ካገኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአገሩ ሰው ኦቶ ቫልክሆፍ የጥርስ ምስል አነሳ፤ 25 ደቂቃ ፈጀበት። በአሜሪካ የኒው ኦርሊንሱ የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ታካሚዎቹን ራጅ ያነሳ ነበር። የመሣሪያውንም ኃይል የሚመጥነው የራሱን እጅ ከጨረሩ ፊት ዘርግቶ፣ አጥንቱ ምን ያህል ጠርቶ እንደሚታይ በመመልከት ነው። ካንሰሩ ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ሐኪሞች ደጋግመው ቆረጡለት፤ በ1928 ራሱን አጠፋ። የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መሰጠቱ ነው። የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሮሊንስ ራጅ ብቻውን ትንንሽ እንስሳትን እንደሚገድል በ1901 በሙከራ አሳይቶ፣ መሣሪያው በመከለያ እንዲሸፈን መክሮ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

ዛሬ መጠኑ እጅግ ወርዷል። በዘመናዊ መሣሪያ የሚነሳ አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ ለታካሚው የሚሰጠው ከ0.01 ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ አሃድ) በታች ነው። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ በየትኛውም ነጠላ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም። ለእጅ 500 ነው። የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኞች ንባብ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሲቨርት በታች ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ባጁ ሊለየው ከሚችለው ያንሳል።

ታዲያ ለምን ይለካል? ባጁ አይከላከልም፤ ጥቅሙ የአሠራር ጉድለትን ማጋለጡ ነው። ወትሮ ባዶ የነበረ ንባብ በድንገት ከፍ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፦ የራጅ መሣሪያው ቱቦ ጨረራ ያፈስሳል፣ ወይም አንድ ሰው ሕፃን ታካሚን እየደገፈ ፊልም በእጁ ይይዛል፣ ወይም ከመከለያው ጀርባ መቆም ተረስቷል። በእጅ ተይዞ የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ራጅ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለሙያው ርቆ መቆም ስለማይችል የሚያድነው በመሣሪያው አፍ ላይ ያለው ክብ መከለያ ነው፤ «እይታ ይጋርዳል» ብሎ የሚያወልቀው ሰው እጁንና ፊቱን ያጋልጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ምክር ቤት በ2003 ባወጣው መመሪያ፣ በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ ሊያገኙ ለሚችሉ ሠራተኞች ባጅ እንዲታሰብ፣ ለነፍሰ ጡሮች ግን የግድ እንዲሰጥ ብሎ ነበር።

በብዙ ባጆች ውስጥ ያለችው ትንሽ የሊቲየም ፍሎራይድ ቁራጭ ጨረራ ሲያገኛት ጉልበቱን ይዛ ትቆያለች። ከ1 እስከ 3 ወር ተለብሳ ላቦራቶሪ ውስጥ ስትሞቅ የያዘችውን በብርሃን መልክ ትለቃለች፤ ብርሃኑ በደመቀ ቁጥር የደረሰው ጨረራ በዝቷል። አንዴ ከተነበበች መረጃው ከእሷ ላይ ይጠፋልና መዝገቡ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ንባቡን የሚያበላሸው ግን ላቦራቶሪው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ አያያዝ ነው። ጋውን ላይ እንደተሰካ ራጅ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የሚያድር ባጅ ሰው ያላገኘውን ጨረራ ይመዘግባል፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ደግሞ ሰው ያገኘውን ይደብቃል። ባጅ በሥራ ሰዓት ደረት ወይም ወገብ ላይ ይደረጋል፤ የእርሳስ ሽርጥ የሚለብስ ሰው ከሽርጡ ሥር ያደርገዋል። ባለቤቱ ራሱ ታካሚ ሆኖ ራጅ ሲነሳ ያወልቀዋል። ለጓደኛ አይዋስም። ከጨረራ ርቆ የሚቀመጥ አንድ ማነጻጸሪያ ባጅም ያስፈልጋል፤ በጉዞና በማቆያ ቦታ የገባው የተፈጥሮ ጨረራ የሚቀነሰው በእሱ ነው።

ባጁ ስለማይከላከል ከሁሉ የሚቀድመው መከላከያ ርቀት ነው፤ ከምንጩ የሚለየው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው መጠን ወደ ሩብ ይወርዳል። በእጅ የሚያዘውን ራጅ ካልያዘ በቀር በጥርስ ክሊኒክ የሚሠራ ሁሉ ከጨረሩ መስመር ወጥቶ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ የባጁንም ውጤት «ደህና ነው» በሚል ቃል ሳይወሰን በቁጥር ይጠይቅ።