የማይወልቅ ድሪ

እግሩን እሾህ የወጋው ሰው «ንቀሱልኝ» ይላል፤ በመርፌ ጫፍ ፈልፍለው ያወጡለታል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅም ትነቀሳለች፤ እሷን ግን በመርፌ ጫፍ ጥላሸት ያስገቡባታል። አማርኛ ማውጣቱንም ማስገባቱንም በአንድ ግሥ ጠቅልሎ «መንቀስ» ይለዋል። የጎንደርና የሰሜን ደጋ ንቅሳት ታሪክም እንደ ግሡ ሁለት ፊት አለው፦ አያቶች በሕመም ያስገቡትን ልጆች ሊያወጡት ደከሙ፤ የልጅ ልጆች ደግሞ መልሰው ሊያስገቡት መርፌ ፍለጋ ወጥተዋል።

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወይም በደባርቅ የገበያ ቀን ጌሾና ቃሪያ ዘርግተው ከሚቀመጡት አሮጊቶች አንዷን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጌጡን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። ግንባር ላይ፣ ከቅንድብ መሐል ከፍ ብሎ፣ አራት ክንዱ እኩል የሆነ ትንሽ መስቀል አለ። ከጆሮ ሥር ተነሥቶ የመንጋጋውን ጠርዝ እየተከተለ የነጠብጣብ ረድፍ እስከ አገጭ ይወርዳል። አንገት ላይ ቀለበት በቀለበት ተደርቦ እንደ ድሪ ክብ ይዞራል። ቀለሙ ጥቁር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሰማያዊ ይመስላል። መስመሩም በማስመሪያ የተሰመረ አይደለም፤ ልጅቱ በተንፈራገጠችበት ቦታ ጎበጥ ብሎ፣ ነቃሿ መርፌዋን ጠበቅ ባደረገችበት ወፈር ብሎ ያልፋል። እናትየዋ ሲስቁ ደግሞ ድዳቸው ጠቁሮ ጥርሳቸው ከወትሮው ይልቅ ይነጣል።

የድዱ ንቅሳት የራሱ ስም አለው፤ ውቅራት ይባላል። ቃሉ «ወቀረ» ከሚለው የወጣ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተወቅረዋል፤ ለስልሶ እህል አላደቅ ያለ የወፍጮ ድንጋይም ይወቀራል። ድዱም እንደ ወፍጮው ነጥብ በነጥብ ይወቀራል። ማደንዘዣ የለም፤ ልጅቱን ዘመድ ይዟት ነው።

ሙያው በአብዛኛው የሴት ነው። ነቃሿ ከምጣድ ወይም ከድስት ቂጥ፣ አለዚያም ከኩራዝ ጭስ ያጠራቀመችውን ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትለውሰዋለች። በስንጥር ነክራ ንድፉን ቆዳው ላይ ታሰፍራለች። ከዚያ ሁለት ሦስት መርፌ በክር አስራ፣ መርፌ ባልነበረበት ጊዜ በእሾህ፣ ንድፉን እየተከተለች ትወጋለች። ደም ሲወጣ እየጠረገች ጥላሸቱን ደጋግማ ታሻለች። ቦታው ያብጣል፤ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ጌጡ ብቅ ይላል። ከሳሳበት እንደገና ይደገማል።

ጥላሸቱ ለምን አይታጠብም ለሚል፣ ምሥጢሩ ከቆዳው ጥልቀት ላይ ነው። የላይኛው የቆዳ ሽፋን በየጊዜው እየተላጠ ይታደሳል። መርፌው ግን ያን አልፎ ወደ ታችኛው ንብርብር ይደርሳል። እዚያ ባዕድ ነገር የሚውጡ የሰውነት ዘብ ሴሎች ጥላሸቱን ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ አንዱ ሴል ሲሞት የለቀቀውን ቀለም ቀጥሎ የመጣው ሴል ይውጠዋል። ንቅሳት እንግዲህ በየዕለቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አደራ ነው። ጥቁሩ ጥላሸት ሰማያዊ የሚመስለውም ከቆዳ ሥር ስላለ ነው፤ ብርሃን በቆዳው ውስጥ አልፎ ሲመለስ ሰማያዊው ክፍሉ ይበልጥ ይበተንና ወደ ዓይናችን ይመጣል።

ለምን ተነቀሱ ቢባል የመጀመሪያው መልስ ውበት ነው። የብር ጌጥ በክፉ ቀን ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ለልጅ ይወረሳል፤ የአንገት ንቅሳት ግን ድሃዋም ብታገባ ብትፈታ የማትነጠቀው ድሪ ነው። ሁለተኛ፣ መስቀሉ እምነቷን ይናገራል፤ ከቡዳ ዓይን ይጠብቃልም ይባል ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ሕክምና ነው። በደጋው አገር አፈሩን ዝናብ ስለሚያጥበው አዮዲን ያንሳል፤ እንቅርትም ይበዛል። ያበጠውን አንገት መነቀስ ያሽረዋል የሚል እምነት ስለነበረ እንቅርታቸው ላይ ክብ በክብ የተነቀሱ እናቶች ጥቂት አይደሉም። የተበከለ መርፌ ሲታከልበት «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ደረሰ ማለት ነው። የእንቅርቱ እውነተኛ መድኃኒት የመጣው በጨው በኩል ነው፤ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ ቁጥር 204 በ2003 ዓ.ም. ወጣ።

ጎንደር በሥዕል የምትታወቀው በወንዶች እጅ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ዓይናቸውን በሚያፈጡ መላእክት ፊት ተሞልቷል፤ ደብተሮች በብራና ክታብ ላይ መስቀልና ዓይን እየጠለሰሙ ለበሽተኛ አንገት ያስሩ ነበር። ሴቶቹ ግድግዳም ብራናም አልተሰጣቸውም። ቀሚሳቸው ላይ ጠለፉ፣ ሰፌዳቸው ላይ ሰፉ፣ ቆዳቸው ላይ ነቀሱ። የግድግዳው ሥዕል ጎብኚ አለው፤ የቆዳው ሥዕል ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

መስቀሉ በክርስቲያን ግንባር ብቻ አልቀረም። በጎንደር ዙሪያ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር የኖሩ የቤተ እስራኤል ሴቶችም ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ሲገቡ ያ ጌጥ ሸክም ሆነ። ኦሪት በዘሌዋውያን 19፥28 መነቀስን ይከለክላል፤ መስቀል ሲሆን ደግሞ ለአይሁዳዊት ግንባር ጭራሽ ባዕድ ነው። ከፊሎቹ ሐኪም ቤት ሄዱ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እነዚህን ንቅሳቶች በሌዘር ስለማስወገድ የተጻፈ ነበር። ሌዘሩ እጅግ አጭር በሆነ ብልጭታ ጥላሸቱን ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪውን ሰውነት ቀስ በቀስ ጠርጎ ያወጣዋል። የምጣድ ጥላሸት ለዚህ ይመቻል፤ ጥቁር ቀለም ለሌዘር ከሌላው ይልቅ ይሸነፋልና። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቦታው እንዳይነጣ ወይም እንዳይጠቁር ጥንቃቄ ይሻል።

አገር ቤትም ቢሆን ንቅሳቱ ከፊት ላይ እየጠፋ ነው። ተማሪ ቤት የገባች ልጅ የገጠር ምልክት አድርጋ ሸሸችው። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ ደግሞ «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ትምህርት ከምላጩና ከመርፌው ጋር የነቃሿንም እጅ ሰበሰበው። ትምህርቱ ልክ ነበር፤ ለአንዱ መንደር አንድ መርፌ ይበቃ ነበርና።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ «ታቱ» የሚሉት ሌላ ቃል አለ። መሣሪያው የኤሌክትሪክ ነው፤ የመጀመሪያው የባለቤትነት መብት የተሰጠው በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው። መርፌው አንድ ጊዜ ተሠርቶበት ይጣላል፤ መጣሉን ሳታይ ክንድህን የምትሰጥ ከሆነ ግን ከአያትህ ዘመን አልራቅህም። ንድፉ የላሊበላ መስቀል፣ የግዕዝ ፊደል፣ አንበሳ ነው። የፎቶግራፍ ባለሙያዋ አይዳ ሙሉነህ የሞዴሎቿን ፊት በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ እየቀባች፣ መስመርና ነጠብጣብ እየደረደረች የሠራቻቸው ምስሎች የሰውነት ላይ ጌጥን ወደ ዓለም ማዕከለ ሥዕል አስገብተዋል። በከተማው አንደበት ግን «ታቱ» ዘመናዊ፣ «ንቅሳት» ኋላ ቀር ሆኖ ቀርቷል፤ ሁለቱም መርፌ፣ ቀለምና ጥርስ መንከስ ሆነው ሳለ።

የአያቷን ድሪ በራሷ አንገት ማየት የምትሻ ልጅ ሳሎን ከመሄዷ በፊት ወደ አያቷ ትሂድ። አንገታቸውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ ታንሳ፤ ማን እንደነቀሳቸው፣ በምን እንደተለወሰ፣ ማን ይዟቸው እንደነበረ ትጠይቅ። ከፎቶው ላይ ነቅሳ ያወጣችውን ንድፍ ይዛ ስትሄድም ለባለ ማሽኑ አንድ ነገር ትንገረው፦ የጎበጠውን መስመር እንዳያቃናው።