መቶ ዶላር ለአንድ ውሎ

በካሊፎርኒያ ፀጉር ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ፈቃድ የሚያገኘው ከቦርድ ነው። ነርሱም፣ የእንስሳት ሐኪሙም፣ የሒሳብ አዋቂውም የየራሳቸው ቦርድ አላቸው። ከጎንደርም ሆነ ከአዲስ አበባ ሄዶ በዚያ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ያሰበ ማመልከቻውን የሚያስገባው ለነርሶች ቦርድ ነው። ፈቃድ የሚሰጡትም፣ ባለሙያው ሲያጠፋ የሚነጥቁትም አገረ ገዢው ወይም የሕግ አውጪው መሪዎች የሾሟቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከሙያው፣ ሌሎቹ ከሕዝቡ የተወሰዱ። አብዛኞቹ የመንግሥት ቋሚ ሠራተኞች አይደሉም። ስብሰባ ሲኖር ሱቃቸውን ዘግተው ወይም ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ይመጣሉ።

ለዚህ ድካማቸው ለፈቃድ ሰጪ ቦርዶች አባላት የተደነገገው መደበኛ አበል ለአንድ የሥራ ቀን 100 ዶላር ነው፣ መጓጓዣና ማደሪያ ሳይጨምር። በክፍለ ግዛቱ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ስምንት ሰዓት የዋለ የምግብ ቤት ሠራተኛ እንኳ ዛሬ ከዚህ የበለጠ ይዞ ይገባል። ወንበሩን ለገንዘብ ብሎ የሚፈልገው ሰው እንዳይኖር ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥም ይወስናል፦ ጡረተኛው፣ ሀብታሙ፣ ወይም አሠሪው ደመወዙን ሳይቆርጥ የለቀቀው ሰው። የቀን ሠራተኛ እዚያ ብዙም አይታይም።

ሁሉም ቦርድ ግን እንዲህ ቆጣቢ አልነበረም። የክፍለ ግዛቱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ቦርድ ስድስት ወንበሮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ በዓመት 132 ሺህ ዶላር ገደማ ያስገኝ ነበር። የምክር ቤት ዘመናቸው ያለቀ ፖለቲከኞች ማረፊያ ሆኗል የሚለው ወቀሳ ለዓመታት ሲሰማ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የበጀት ቀውሱ ሲከፋ አገረ ገዢው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ቦርዱን የሚያፈርሰውን ሕግ ፈረሙ፤ ሥራውም ወደ መደበኛ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ቆሻሻው መነሳቱን አላቋረጠም።

ይህ ቢያንስ በግልጽ የሚታወቅ ደመወዝ ነበር። ከሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችው ቤል ግን ሌላ ነገር ታስተምራለች። ቤል 35 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ድሃ ከተማ ናት። የምክር ቤቷ አባላት ሥራ የትርፍ ጊዜ ነው፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግም ይህን ለምታህል ከተማ በወር ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ከተማዋ ቻርተር፣ ማለትም የራሷ መተዳደሪያ ሕግ፣ ይኑራት የሚል ልዩ ምርጫ ተካሄደ። ድምፅ የሰጡት ከ400 ሰው በታች ነበሩ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስለ ደመወዝ አንድም ነገር አልሰፈረም። ቻርተሩ ሲጸድቅ የምክር ቤቱ አባላት የክፍያው ገደብ እንደተነሳላቸው አድርገው ሠሩበት።

ጭማሪው በምክር ቤት አባልነት ስም አልመጣም፤ ያ ቢሆን ሰው ይጠይቅ ነበር። አባላቱ ራሳቸው የቤቶች ባለሥልጣን፣ የፋይናንስ ባለሥልጣን፣ የትርፍ ንብረት ባለሥልጣን፣ የደረቅ ቆሻሻ ባለሥልጣን እየተባሉ በየኮሚቴው ተቀመጡ፣ በየኮሚቴውም ተከፈላቸው። የምክር ቤቱ ስብሰባ በሚካሄድበት ምሽት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ አንዱ ቦርድ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል። አንዳንዱ የቆየው ለደቂቃዎች ብቻ መሆኑን ዐቃቤ ሕግ ኋላ ከቃለ ጉባኤዎቹ እያነበበ አሳይቷል። እንዲህ ሲደማመር የአብዛኞቹ አባላት ገቢ በዓመት 100 ሺህ ዶላር ተጠጋ። ሎሬንዞ ቬሌዝ የተባሉት አባል በዚያው ምክር ቤት ተቀምጠው የሚያገኙት ግን 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

ጉዳዩን ያወጡት የቤልን ጎረቤት ከተማ ሜይውድን ሲከታተሉ የነበሩ ሁለት የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች፣ ጄፍ ጎትሊብና ሩበን ቪቬስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ዘገባቸው ሲታተም የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት 800 ሺህ ዶላር ገደማ እንደሚከፈላቸው ታወቀ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደመወዝ 400 ሺህ ነው። ነዋሪው የምክር ቤቱን አዳራሽ አጥለቀለቀው። በ2011 የፑሊትዘር ሽልማት ወደ ጋዜጣው ሄደ፣ በዚያው ዓመት የነበሩት የምክር ቤት አባላት በአዲስ ተተኩ። ሪዞ በ2014 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ከተከሰሱት ስድስት የቀድሞ የምክር ቤት አባላት አምስቱ በ2013 ጥፋተኛ ሲባሉ አንዱ ነፃ ወጡ። እኔን የሚገርመኝ የፍርዱ መሠረት ነው። የጁሪውን አባላት ያሳመነው የደረቅ ቆሻሻ ባለሥልጣኑ ጉዳይ ነበር። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው ባለሥልጣኑ በሕግ መቋቋሙን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፣ የሠራውም ሥራ የለም። (ቆሻሻ በዚህ ታሪክ ሁለቴ መምጣቱ አጋጣሚ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ማንም ሊያሸተው የማይሻ አጀንዳ ነው።)

ከዚያ ወዲህ ካሊፎርኒያ ሁለት ነገር አደረገች። የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ከየከተማው የደመወዝ መረጃ እየሰበሰበ ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። ሁለተኛው ለእኔ የበለጠ ብልህ ነው፦ ከ2012 ጀምሮ አንድ ምክር ቤት ስብሰባውን ሳይበትን ሌላ ቦርድ ሆኖ ሊሰበሰብና ሊከፈለው ሲል፣ ጸሐፊው ወይም ከአባላቱ አንዱ እያንዳንዳቸው ለዚያ ስብሰባ የሚያገኙትን ገንዘብ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ገንዘቡን ተቀባዩ እዚያው ተቀምጦ፣ ነዋሪው እየሰማ።

ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል ማለት ግን አይቻልም። የደመወዙ መዝገብ ማን ስንት እንደወሰደ ይነግራል፤ ስብሰባው አራት ሰዓት ይፍጅ አራት ደቂቃ አይነግርም። ያንን የሚያውቀው ቃለ ጉባኤውን ከከተማው ጸሐፊ ጠይቆ፣ ስብሰባው የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ከክፍያው ጋር የሚያስተያይ ነዋሪ ነው።