በሊኑክስ የአክሰስ ፖይንት አድራሻ አሰጣጥ፦ የውጭ መስመር ሲቋረጥ የማይቋረጥ ኔትዎርክ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው፤ ሊኑክስ የተጫነበትን ኮምፒውተር አክሰስ ፖይንት ስናደርገው የኔትዎርክ አድራሻውን እንዴት እንሰጠዋለን የሚል ነው። ከኋላው ያለው ጉዳይ ግን ሰፊ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ኢንተርኔትንና ኔትዎርክን እንደ አንድ ነገር መቁጠራችን ምን ያህል እንደሚጎዳን ተረዳሁ። በጎንደርም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚማር ተማሪ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ካለ ኮምፒውተር መጽሐፍ ለማንበብ የውጭ መስመር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በትክክል የተሰጠ አድራሻ ነው።

እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሁለት ገጽ አለው። በኬብል በኩል ያለው ገጽ አድራሻውን ከውጭ ይቀበላል። በገመድ አልባው በኩል ያለው ገጽ ግን አድራሻ ሰጪ እንጂ ተቀባይ ስላልሆነ፣ የራሱን ቋሚ አድራሻ እኛው ልንሰጠው ይገባል።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሦስት ሥራዎችን እንደ አንድ ሲያዩ ነው። ሆስትኤፒዲ የተባለው ፕሮግራም የኔትዎርኩን ስም ያሰራጫል፤ የይለፍ ቃልም ይቀበላል፤ አድራሻ ግን አይሰጥም። ለገመድ አልባው ካርድ አድራሻ የሚሰጠው አይፒ የተሰኘው ትእዛዝ ነው። ለተማሪዎቹ ስልኮች አድራሻ የሚያድለው ደግሞ ዲኤንኤስማስክ ነው፤ እርሱም ካርዱ ራሱ አድራሻ ከሌለው ለማንም ማደል አይችልም። ሁለተኛው ሥራ ከተዘለለ ስሙ ይታያል፣ የይለፍ ቃሉም ይሠራል፤ ነገር ግን ምንም ገጽ አይከፈትም። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ከሰጠ፣ ያላገኘው አዳዩን እንደሆነ እንወቅ።

ቀጣዩ ጥያቄ የትኛውን አድራሻ እንምረጥ የሚል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት መመዘኛ ለውስጥ አገልግሎት ሦስት ክልሎችን ለይቷል፤ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እንዲሁም በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት፣ በኬብሉ በኩል 192.168.1.7 ተቀብሎ ለነበረ ኮምፒውተር በገመድ አልባው በኩል 192.168.1.100 ሰጠሁት። ከርነሉ ወደ አንድ ኔትዎርክ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶችን አየ፤ ለተማሪዎቹ የሚገባውን መልስም በኬብሉ በኩል ላከው። ግማሽ ቀን ሙሉ አንቴናውን ስወቅስ ዋልሁ። ጥፋቱ የእኔ ምርጫ ነበር፤ የውስጡና የውጩ ኔትዎርክ ፈጽሞ መመሳሰል የለባቸውም።

ስለዚህ ለውስጡ 10.20.30.1 ከ24 ቢት መለያ ጋር እንስጠው። የቀሩት 8 ቢቶች 256 ቁጥሮችን ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ለኔትዎርኩ፣ የመጨረሻው ለብሮድካስት ሲቀር 254 ይተርፋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 250 ያሉትን ዲኤንኤስማስክ እንዲያድል ማዘዝ ይበቃል።

በትእዛዝ ብቻ የተሰጠ አድራሻ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለሆነም አድራሻውን በማዋቀሪያ ፋይል መጻፍ፣ ኔትዎርክ ማናጀርም ያንን ካርድ እንዳይነካው ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ሁሉም በቦታው ይገኛል።

ወደ ኢንተርኔት ማሻገርና የአድራሻ ትርጉም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ተጨማሪዎች ናቸው። እነርሱ የውጭ መስመሩን ይጠብቃሉ፤ 10.20.30.1 ግን ማንንም አይጠብቅም። የውጭው መስመር ቢቋረጥም፣ በዚያ አድራሻ ያስቀመጥናቸው መጻሕፍትና የትምህርት ማስታወሻዎች ለተማሪው ይከፈታሉ። ከሥልጠናችሁ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል፦ የውስጡን አስቀድማችሁ አቁሙ፤ የውጩን ከዚያ በኋላ አገናኙ።