ዲስከስ፦ በአራቢዎች ምርጫ ቀለሙን የለወጠ ዓሣ

ዲስከስ ከጣናና ከዝዋይ የሚወጣው የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ይመደባሉ። አገሩ ግን የአማዞን ተፋሰስ ነው። ከጎን ሲያዩት ክብ፣ ከፊት ሲያዩት ስስ የሆነውን ይህን ዓሣ በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኦስትሪያዊው ዮሐን ያኮብ ሄክል ነው። የዱሩ ዲስከስ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ገላ፣ ሰማያዊ መስመሮችና ዘጠኝ ጥቁር ሰንበሮች አሉት። ዛሬ በአኳሪየም የምናያቸው ደማቅ ቀይና ወጥ ሰማያዊ ዲስከሶች ግን በወንዙ ውስጥ የሉም፤ አራቢዎች ያስገኟቸው ናቸው።

አሜሪካዊው ጃክ ዋትሊ በፍሎሪዳ ያደረገው የዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰማያዊ መስመራቸው ጎላ ያለ ዓሦችን ብቻ እየለየ በማዳቀል የታወቀውን ቱርኩዝ ዲስከስ አወጣ። ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ወንዱን ከሴቷ በመልክ መለየት ስለሚያስቸግር ግን አራቢው ብዙ ወጣት ዓሦችን አብሮ አሳድጎ ራሳቸው እስኪጣመሩ ይጠብቃል፤ ለመውለድ የሚደርሱትም ከዓመት በኋላ ነው። ለስላሳ፣ ንጹሕና ወደ 29 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያለው ውኃም ይፈልጋሉ። የተፈለገው ቀለም እንዲጸና ወንድምን ከእህት፣ ልጅን ከወላጅ ማዳቀል የተለመደ ነው፤ ይህ ሲደጋገም ደግሞ የስንጥብ ክዳኑ የጎደለ፣ ዕድገቱ የቀጨጨ ጫጩት ይበዛል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የፒጅን ብለድ ነገር ነው። ይህ ዝርያ በታይላንድ ተገኝቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገበያ ወጣ። ሰንበር የለውም፤ ገላው ብርቱካንማ ነው። ቀለሙ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ስለሚታይ፣ አራቢዎች ከሌሎች ጋር እያዳቀሉ ብዙ አዳዲስ ዓይነቶችን አወጡበት። ቆዳው ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚኖረው፣ እሱን ለማጥፋት ዛሬም ትውልድ በትውልድ ላይ ይመርጣሉ።

የሰንበሩ መጥፋት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የዲስከስ ጫጩቶች መዋኘት እንደጀመሩ የሚመገቡት ከእናትና ከአባታቸው ቆዳ የሚወጣውን ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ወላጆቹ ተራ በተራ ያጠቧቸዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንደኛው ሲደክመው ገላውን ነቅነቅ አድርጎ ጫጩቶቹን ወደ ሌላው ያሻግራል። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ፈሳሹ በዚያ ወቅት በፕሮቲንና በሽታ በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች እንደሚበለጽግ አሳይቷል። የዱሩ ወላጅ በዚህ ጊዜ ገላው ይጠቁራል፤ ጫጩቶቹም ጥቁሩን ገላ አይተው ይጠጉታል። ፒጅን ብለድ መጥቆር አይችልም። ስለዚህ ጫጩቶቹ ወላጆቻቸውን ለማግኘት ይቸገራሉ፤ አንዳንዴም ጠቆር ያለውን የማጣሪያ ቱቦ ከበው በረሃብ ያልቃሉ። አራቢዎች ይህን የሚወጡት የገንዳውን ግድግዳና ዕቃ ሁሉ ነጣ ያለ በማድረግ ወይም ጫጩቶቹን ለሌላ ጥንድ በጉዲፈቻ በመስጠት ነው።

በእኔ እምነት ጥሩ አራቢ የሚባለው ቀለም ብቻ ሳይሆን ወላጅነትንም የሚመርጥ ነው። ዲስከስ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሻጩን ስለ ዝርያው ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ጫጩቶቹን ያሳደጓቸው የገዛ ወላጆቻቸው መሆናቸውን ጠይቁት።