የኮምፒዩተርን ውስጣዊ አሠራር በተግባር ስለ ማስተማር

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመበት በ1999 ዓ.ም. ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኩዳን አወጣ፤ ለሥዕል ማሳያ የተሠራው ጂፒዩም ለልዩ ልዩ ስሌት በቀላሉ ሊታዘዝ ቻለ። አሠራሩን ለማስረዳት ግን፣ በጅግጅጋም ሆነ በሽንሌ ወይም በቶጎ ውጫሌ፣ ውድ መሣሪያ የግድ አያሻም። መምህሩ 32 ተማሪዎችን አሰልፎ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር፣ ለሁሉም ግን አንድ ትእዛዝ ይስጥ። የኤንቪዲያ ጂፒዩ 32 የሥራ ክሮችን በአንድነት የሚያሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። ትእዛዙ «ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ አካፍሉ፣ ካልሆነ አባዙ» ቢሆን፣ አካፋዮቹ እስኪጨርሱ አባዦቹ ቆመው ይጠብቃሉ (ክፍሉም መሳቁ አይቀርም)፤ ፍጥነቱ የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። የማህደረ ትውስታን አድራሻ ደግሞ በሲ ቋንቋ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የመሣሪያ ግዢ እስኪፈጸም ድረስ ትምህርቱን ቢያዘገዩ የተማሪው ዓመት ስለሚባክን፣ ተገቢ መስሎ አይታየንም።