የሥራ አስኪያጁ ባልደረባ ማን ነው?

ካቺሲ በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ በስተሰሜን፣ የዓባይ ሸለቆ በሚያዋስነው ጊንደ በረት የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። ሆስፒታልም አላት። በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ሐኪም ሐኪምን ያማክራል፤ ነርስም ነርስን ትጠይቃለች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን አንድ ነው። በጀት ሲጎድል፣ መድኃኒት ሲዘገይ፣ አዲስ መመሪያ ሲመጣ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ወይ አለቆቹ ናቸው ወይ የሚመራቸው ሠራተኞች። የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በለውጥ ዘመን ደግሞ ይበልጡን። የሥራ መደቡ ራሱ የለውጥ ልጅ ነው። ቀድሞ ሆስፒታል የሚመራው በአብዛኛው በሐኪም ነበር። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሆስፒታል አመራሩን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ጀመረ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከሁለት ዓመት በኋላ በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ቀጥሎ የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ መጣ፤ በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ተስፋፋና የሆስፒታሎችን የሒሳብ ሥራ አበዛው። ሥራ አስኪያጁ እያንዳንዱን ለውጥ የሚቀበለው በደብዳቤ ነው። የአፈጻጸሙን ችግር በግልጽ የሚነጋገርበት፣ የማይገመገምበት መድረክ ግን በመዋቅሩ ውስጥ አያገኝም።

ለዚህ ሥራ ቅርብ ከሆኑት ማኅበራት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አጠባበቅ ማኅበር ነው። ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 13ኛው የዓለም የኅብረተሰብ ጤና ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ አስተናጋጁ እሱ ነበር። እንዲህ ያሉ ማኅበራት የሲቪል ማኅበራት ሕግ ሲቀያየር አብረው ተንገላተዋል። አዋጅ 621/2001 የውጭ ገንዘብንና የአስተዳደር ወጪን አጥብቆ ገደበ፤ አዋጅ 1113/2011 ሲተካው ብዙው ነገር ላላ። ገንዘብ በሚጠብበት ጊዜ አንድን ማኅበር የሚያቆየው አባላቱ ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ የሚሰጡት ጊዜ ነው።

«በደመወዙ መኖር ያቃተውን ሠራተኛ በነፃ አገልግል ማለት ግፍ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ማስረጃም አለው። በአማራ ክልል ገጠር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የሴቶች የልማት ሠራዊት በተባለው አደረጃጀት ያለ ክፍያ ያገለግሉ የነበሩት መሪዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ ሆነው አግኝቷቸዋል። ለእኔ ይህ ውጤት በጎ ፈቃድን በጠቅላላው አይነቅፍም። ከላይ ተመድቦ፣ ማብቂያ ሳይኖረውና ለአገልጋዩ የሚመለስ ጥቅም ሳይታሰብ የሚጫን ግዴታን ነው የሚነቅፈው። ማኅበር ይህን ስህተት መድገም የለበትም። አባሉ በምርጫ ይግባ፤ የአገልግሎት ዘመኑ ይወሰን፤ ትራንስፖርቱ ይሸፈን፤ የሚቀስመው ልምድም በሥራው ላይ የሚረዳው ይሁን።

ሌላው ተቃውሞ ሆስፒታሎች ጥራትን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በጥምረት እየተረዳዱ ነውና ማኅበር ትርፍ ነው ይላል። ጥምረቱ ጠቃሚ ነው፤ የሚያስተሳስረው ግን ተቋማትን ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲዛወር በጥምረቱ የነበረው ወንበር ለተተኪው ይቀራል፤ በካቺሲ ያካበተው ልምድ ግን አብሮት ይሄዳል። ማኅበር ሰውየውን ይይዛል፤ ዛሬ ካቺሲ፣ ነገ ጌዶ ቢመደብም አባል ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በየጊዜው በሚቀያየርበት አገር፣ ባለፈው ለውጥ ምን እንደሠራና ምን እንደከሸፈ የሚያስታውስ አካል ማስፈለጉ አያጠያይቅም።

ይህ የሚሠራው ግን አመራሩ አዲስ አበባ ላይ ካልታጠረ ነው። የካቺሲ ሥራ አስኪያጅ የሚወከልበት የማኅበር ቦርድ ስለ ጤና መድን ክፍያ መዘግየት ሲወያይ ጉዳዩን ከሪፖርት ሳይሆን ከባለቤቱ ይሰማል። ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ቢያንስ አንዱን የዓመቱን ስብሰባ ሪፈራል ሆስፒታልና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ባለው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ያድርጉ። እናንተም በምዕራብ ሸዋ ሆስፒታሎችን የምትመሩ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለመምረጥ ብቻ ሳይሆን ለመመረጥም ቅረቡ።