የግልገል ዓባይ ትንበያና በዙሪያው ያለው ጥላ

ሰከላ ወረዳ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ምንጭ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። ፍሰቱ መራዊ አጠገብ ሲለካ ኖሯል። የብዙ ዓመት ልኬት በየወሩ ከተደረደረ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የመጪዎቹን ወራት ፍሰት ይተነብያል። ግራፉ ላይ መሐል አንድ መስመር፣ በዙሪያው ደግሞ ፈዘዝ ያለ ጥላ ይወጣል። ብዙ ሰው መስመሩን አይቶ ያልፋል፤ እኔ ግን አስቀድሞ መነበብ ያለበት ጥላው ነው እላለሁ።

አሣሣሉ ቀላል ነው። አር (R) የተባለው ሶፍትዌርም ሆነ ስታታ (Stata) ለየወሩ ሦስት ቁጥር ይይዛሉ፦ ግምቱን፣ ታችኛውን ወሰንና ላይኛውን ወሰን። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ቦታ ቀለም ይቀባል። መስመሩ ከጥላው በኋላ ይሣል፤ አለዚያ ቀለሙ ይሸፍነዋል።

ወሰኖቹ የሚገኙት ትንበያውን የሚሰጠው ሞዴል ባለፉት ወራት ምን ያህል እንደሳተ ታይቶ ነው። የስህተቱ መደበኛ ልይይት በ1.96 ተባዝቶ ግምቱ ላይ ሲደመርና ሲቀነስ የ95 በመቶ ወሰን ይሆናል። ሞዴሉ ትክክል ከሆነ ከ100 ልኬቶች 95 ያህሉ ጥላው ውስጥ ይወድቃሉ ማለት ነው። «ትክክል ከሆነ» የምትለዋ አትዘለል። የሞዴሉ ቁጥሮች ራሳቸው ግምት መሆናቸው ብዙ ጊዜ ስሌቱ ውስጥ ስለማይገባ ጥላው ከሚገባው በላይ ይጠባል።

ወሩ በራቀ ቁጥር ስህተት በስህተት ላይ ስለሚደራረብ ጥላው ይሰፋል። ክረምትና በጋ በሚመላለስበት ወንዝ ግን መስፋቱ ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ ጥቂት ወራት ካለፉ ሞዴሉ የሚነግረን ነሐሴ የወትሮው ነሐሴ እንደሚሆን ብቻ ነው።

በበጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለማስረዳት ያህል፣ የመጋቢት ግምት በሴኮንድ 4 ሜትር ኩብ ቢሆንና 6 ቢቀነስ ታችኛው ወሰን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች የሚፈስ ወንዝ የለም። ስለዚህ ልኬቱ መጀመሪያ ወደ ሎጋሪዝም ይቀየራል፤ ያን ጊዜ መደመርና መቀነሱ ማባዛትና ማካፈል ይሆናል። በ2.5 ቢሆን የመጋቢቱ 4 ከ1.6 እስከ 10፣ የነሐሴው 150 ደግሞ ከ60 እስከ 375 ይዘረጋል። ጥላው ወደ ላይ የሚረዝመው፣ በክረምትም የሚሰፋው ለዚህ ነው። ወንዙንም ያየ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ በጋ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ነሐሴ ላይ ግን አንዱ ዓመት ከሌላው አይገናኝም።

በመጨረሻ፣ ግራፉን የሠራውን ሰው የትኛውን ጥላ እንደሣለ ጠይቁ። አንዱ የአማካዩ ፍሰት የት እንዳለ የሚያሳይ ጠባብ ጥላ ነው፤ ሌላው የመጪው ወር ውኃ ራሱ የት ሊውል እንደሚችል የሚያሳይ ሰፊ ጥላ ነው። ጠባቡ ለዓይን ያምራል። መስኖ የሚያቅድ ባለሙያ ግን የሚጠብቀው አማካዩን ሳይሆን የዘንድሮውን ውኃ ስለሆነ ሰፊው ይሣልለት።